የዳሽቦርዱ መብራት፣ የዲለሩ መልእክትና የጥገና መጽሐፉ አልተስማሙልኝም፤ የትኛውን ልመን?

ጥያቄ፤ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 የተሠራ ቶዮታ ካምሪ አዲሱን ገዝቼ መንዳት ከጀመርሁ አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። በቅርቡ 4,500 ማይል ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ የጥገና ጊዜ መቃረቡን የሚያሳስብ ጽሑፍ መጣ፤ 5,000 ሲሞላ ደግሞ መኪናውን ባስነሣሁ ቁጥር «ጥገና ያስፈልጋል» ይለኝ ጀመር። ከዚያ በፊት ግን፣ መኪናው ምንም ሳይል፣ የሸጠልኝ ዲለር የሰርቪስ ጊዜዬ እንዳለፈ የሚገልጽ መልእክት ሦስት ጊዜ በስልኬ ልኮልኛል። ሄጄ ስጠይቅ መቀበያው ላይ ያለው ሠራተኛ ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ ቤንዚኑን የሚረጨው ኢንጀክተርም መታጠብ እንዳለበት፣ ዋጋውም በድምሩ 289 ዶላር እንደሆነ፣ ሌላ ቦታ ባሠራው ደግሞ ዋስትናዬ እንደሚሰረዝ ነገረኝ። አስቤበት እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ከመኪናው ጋር የተሰጠኝን የጥገና መጽሐፍ ሳነብ ዘይቱ በየ10,000 ማይሉ ወይም በየ12 ወሩ ይቀየር ይላል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ በበኩሉ «በየ5,000 ካላስቀየርሽ ሞተሩን ትገድዪዋለሽ» እያለ በደወለ ቁጥር ይቆጣኛል። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መርዳት ስለሆነ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስሄድ መንገዴ ከሦስት ማይል አይበልጥም። ዘይቱን አሁን ላስቀይር ወይስ 10,000 እስኪሞላ ልጠብቅ?

መልስ፤ ሜሪላንድ ከሚሠራ መካኒክ

እህቴ፣ ግራ የተጋቡት አለምክንያት አይደለም። ሙያውን የተማርሁት አዲስ አበባ ስለሆነ የወንድምዎ ቁጣ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። በእኛ አነጋገር «መኪናዬን ሰርቪስ አስደረግሁ» ያለ ሰው ዘይትና ፊልትሮ አስቀየረ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። በእጅዎ ባለው መጽሐፍ ግን የ5,000 ማይል ሰርቪስ በዋናነት የፊትና የኋላ ጎማዎችን ቦታ ማለዋወጥ፣ ፍሬኑን መፈተሽና የፈሳሾቹን መጠን ማየት ነው። ካምሪዎ የሚጠቀመው ቶሎ የማይበላሽ ሲንቴቲክ ዘይት ስለሆነ የዘይቱ ተራ የሚደርሰው በሁለተኛው ሰርቪስ፣ በ10,000 ነው። መብራቱ ስለ ዘይቱ ሁኔታ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚቆጥረው የተነዳውን ርቀት ብቻ ነው። ዘይቱ ትናንት ተቀይሮ ቢሆንና ቆጣሪውን ወደ ዜሮ የመለሰው ሰው ባይኖር እንኳ ዛሬ ይበራል።

ሁለተኛው ነገር መለኪያው ነው። ወንድምዎ 5,000 ሲል ኪሎ ሜትር ማለቱ ነው፤ የዳሽቦርዱ 5,000 ደግሞ ማይል ሲሆን ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የመጽሐፉ 10,000 ማይል ከ16,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ብቻ ሁለቱ የተስማሙ መስሎዎት ከሆነ አልተስማሙም።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ልምጣ፤ በእኔ እምነት 10,000 እስኪሞላ መጠበቅ የለብዎትም። መጽሐፉ «ወይም 12 ወር» ሲል ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይሠራል ማለቱ ስለሆነ፣ ማይሉ ግማሽ ላይ ቢሆንም በሚቀጥለው ወር ዘይትዎ ጊዜው ይሞላል። ከዚህም በላይ ብዙ ሰው የማያነበው ገጽ አለ፤ ልዩ የአነዳድ ሁኔታዎች የተዘረዘሩበት ነው። ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ብርድ ከአምስት ማይል ያነሰ ጉዞ የሚደጋግም፣ አቧራማ መንገድ የሚነዳ፣ ተጎታች የሚጎትት፣ ወይም እንደ ታክሲ ሞተሩን አስነሥቶ ብዙ የሚቆም ሰው ዘይቱን በ5,000 ማይል ወይም በስድስት ወር መቀየር አለበት ይላል። ሦስት ማይል ነድቶ የሚቆም ሞተር በብርዱ ወራት በቂ ሙቀት ሳያገኝ ስለሚጠፋ፣ ውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበትና ያልተቃጠለ ቤንዚን ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ረጅም መንገድ ቢነዳ ኖሮ ሙቀቱ ያተነው ነበር። ስለዚህ ያ ሠራተኛ ስለ ዘይቱ የሰጠዎት ምክር፣ ምክንያቱን ባይነግርዎትም፣ ከእውነት የራቀ አይደለም። ኢንጀክተር ማጠብ ግን በፋብሪካው የጥገና ሠንጠረዥ ውስጥ የለም፤ 5,000 ማይል የሄደ አዲስ መኪና ደግሞ ጭራሽ አያስፈልገውም። የዚህ መኪና ካንዴላ እንኳ የሚቀየረው በ120,000 ማይል ነው።

መልስ፤ ቀድሞ በአንድ ዲለር የሰርቪስ መቀበያ ላይ ከሠራ ሰው

መካኒኩ ስለ መኪናው በሚገባ ስለጻፈ እኔ በስልክ ስለሚመጣው መልእክት ብቻ ልጨምር። ያ መልእክት ከመኪናዎ ጋር ግንኙነት ላይኖረው ይችላል። እኔ በሠራሁበት ቦታ ኮምፒዩተሩ የሽያጩን ቀን ይይዝና አንድ አሽከርካሪ በወር ይህን ያህል ማይል ይነዳል በሚል ግምት ቀን ቆጥሮ ይልክ ነበር፤ እንደ እርስዎ ጥቂት ለሚነዳ ሰው ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርሰዋል። ቀጣዩ ሰርቪስ ተጽፎበት መስታወት ላይ የሚለጠፈው ወረቀትም ሠራተኛው በልማድ የሚሞላው ነው። መቀበያው ላይ ከምንሠራው ብዙዎቻችን ከደመወዝ ሌላ በምናሸጠው ሥራ ልክ ኮሚሽን እናገኝ እንደነበር ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ።

ሌላ ቦታ ቢያሠሩ ዋስትናዎ ይሰረዛል የተባሉት ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ የወጣው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ አምራቹ በነፃ ካልሠራልዎት በቀር «እኔ ዘንድ ብቻ አሠሩ» ብሎ ዋስትናን እንዳያስር ይከለክላል። ከእርስዎ የሚጠበቀው ጥገናውን በወቅቱ ማሠራትና ቀኑ፣ ማይሉና የዘይቱ ዓይነት የተጻፈበትን ደረሰኝ ማስቀመጥ ነው። ራስዎ ገዝተው ቢቀይሩም የዘይቱንና የፊልትሮውን ደረሰኝ ይያዙ።

ግን ለምን ይከፍላሉ? ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጠው አዲስ መኪና ለሁለት ዓመት ወይም ለ25,000 ማይል፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከደረሰው ድረስ፣ በሠንጠረዡ ላይ ያለውን መደበኛ ጥገና «ቶዮታኬር» በሚል ስም በነፃ ይሰጣል። የጎማው መለዋወጥም የ12 ወሩ ዘይትም እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ቀጠሮ ሲይዙ ይህን ስሙን ጠርተው ይጠይቁ፤ ሠራተኛው ካልተጠየቀ አብዛኛውን ጊዜ አያነሣውም።

መልስ፤ ከሆንዳ አሽከርካሪ

የእኔ ሲቪክ የዘይቱን ቀሪ ዕድሜ በመቶኛ ያሳያል። ቋሚ ማይል ሳይሆን የሞተሩን ሙቀትና አሠራር እያየ የሚያሰላ ስለሆነ፣ ሰው በማመላልስበት ሰሞን ቁጥሩ ቶሎ ይወርዳል፤ 15 በመቶ ሲደርስ ያሳስበኛል። ስለዚህ የጓደኛን መኪና ምክር ለራስ መኪና ማዋል አይቻልም። ሆኖም ሆንዳም ቢሆን ምንም ሳያሳስብ ዓመት ከሞላው ዘይቱ ይቀየር ይላል።

የጠያቂዋ መልስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ደውዬ በነፃው ጥገና ዓመቱ በሚሞላበት ሳምንት ቀጠሮ ያዝሁ፤ በስልክ ያነጋገረችኝ ልጅ ያለ ክርክር ተቀበለችኝ፣ ስለ ኢንጀክተሩም ያነሣችው ነገር የለም። ከዚያ በኋላ በየስድስት ወሩ በራሴ ወጪ ሰፈራችን ባለው ጋራዥ አስቀይራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ይህን ሁሉ ለወንድሜ ባነብለት፣ እርሱም አዲስ አበባ ላይ የሚነዳትን አሮጌ ቪትዝ እስከ 16,000 ኪሎ ሜትር ላቆያት እያለ ነው።

መልስ፤ ከመካኒኩ

በፍጹም እንዳያደርገው ይንገሩልኝ። የእርሱ ከተማ አቧራና የመንገድ መጨናነቅ እዚያው ልዩ ሁኔታ ከተባለው ገጽ ላይ ያሉ ናቸው፤ የሚቀዳለት ዘይትም እርስዎ ከሚጠቀሙበት ዓይነት ላይሆን ይችላል። በ5,000 ኪሎ ሜትር መቀየሩን ይቀጥል፤ በየቅያሬው መካከልም ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሣ በሊቬሎው፣ ማለትም በዘይት መለኪያ ዘንጉ፣ የዘይቱን ልክ ይመልከት።