የባነሩ ሥዕል ሥር ያለው ባዕድ ጽሑፍ ምንድነው?

የለገጣፎው ባነር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ለገጣፎ ላይ ትንሽ የባነር ማተሚያ አለችኝ። የሰፈራችን አንድ ባለሀብት በቴሌግራም ሥዕል ላኩልኝ። ጌታን ከመስቀል ሲያወርዱት ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ጥላው ሁሉ በቀጫጭን መስመር የተሠራ። ለስቅለት 3 በ2 ሜትር ይውጣልኝ አሉ፤ ከሥር «እንኳን አደረሳችሁ»፣ ስማቸው፣ ፎቷቸው። ለፎቷቸው ቦታ ስፈልግ ከሥዕሉ ግርጌ ያለውን ጥቃቅን ባዕድ ፊደል ቆረጥኩት። ማታ አጉልቼ ሳየው ግን «ሩበንስ» የምትል ቃል ለየሁ። ምን ነበር የቆረጥኩት?

የድሮ ሥዕል ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ጉድ ያለበትን ቆርጠሃል። ሥዕሉ አንትወርፕ (ቤልጂየም) ካቴድራል ያለው የሠዓሊው የሩበንስ ሥራ ነው። ፎርስተርማን የሚባል ቀራጭ በ1620 እ.ኤ.አ. በመዳብ ሰሌዳ ቀርጾ በወረቀት አወጣው፤ የተላከልህ እሱ ነው። የቆረጥከው ጽሑፍ ላቲን ነው፤ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው መታሰቢያነቱ ለደድሊ ካርልተን ነው። ሰውዬው ሆላንድ የነበረ የእንግሊዝ አምባሳደር ነው፤ ፕሮቴስታንት! ሁለተኛው ሌላ አታሚ ኮፒ እንዳያደርገው የተሰጠ ፈቃድ ነው፦ ከፈረንሳይ ንጉሥ፣ ከደቡብ ኔዘርላንድስ ገዢዎች፣ ከሆላንድ መንግሥት። ካርልተን ለሩበንስ የሆላንዱን ፈቃድ ያስገኘለት ሰው ነው። ያኔ ደቡቡ የእስፔን ነው፣ ከሆላንድ ጋር የ12 ዓመት ዕርቅ ላይ ናቸው። በዓመቱ ዕርቁ አበቃና ጦርነቱ ቀጠለ። ወረቀቱ ግን የሁለቱንም ፈቃድ ይዞ ይሸጣል።

የለገጣፎው ባነር፦
አቤት! ፊደሉንም በእጅ ነው የቀረጹት?

የድሮ ሥዕል ተማሪ፦
በእጅ፣ ያውም ከቀኝ ወደ ግራ፣ ተገልብጦ። መዳቡን በሹል ብረት ትቦረቡራለህ፣ ቀለም ትቀባለህ፣ ከዚያ ፊቱን ጥርግ። ቀለሙ የሚቀረው ቦዩ ውስጥ ብቻ ነው። እርጥብ ወረቀት ደርበህ በማተሚያው ስትጫነው ከቦዩ ስቦ ያወጣዋል። እንዳንተ ማሽን ቁልፍ ተጭኖ ቡና መጠጣት የለም።

ዲያቆን ዘሰንዳፋ፦
መጀመሪያ ነገር ሥዕሉ የካቶሊክ ነው፤ የኛ ሥዕል ጠፍቶ ነው? ሁለተኛ፣ ስምን ከሥዕል ሥር ማስገባት ለኛም አዲስ አይደለም። ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴን ያየ ያውቃል። እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተሥለዋል። ግን በግንባራቸው ተደፍተው ነው! ልብሳቸው የንግሥት ነው፣ ማንነታቸው አይጠፋም፤ አቀማመጣቸው ግን የለማኝ ነው። የእርስዎ ባለሀብት ፎቶ ምን ያህላል?

የለገጣፎው ባነር፦
ዲያቆን፣ አይጠይቁኝ። በመነጽርና በክራቫት፣ ከጌታ ፊት ይበልጣል። አሳንሼ ላኩላቸው፣ አስጨመሩኝ።

የለገጣፎው ባነር፦
ለተከታተላችሁ፦ ላቲኑን መለስኩት። ደውዬ ነገሩን አስረዳኋቸው፣ አምባሳደሩንም ጭምር። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ይሄ ካርልተን የምትለው ሰውዬ የባነሩን ግማሽ ይከፍላል?» አሉኝ።