ክርክር፦ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጅን ማስጠናት የወላጅ ሥራ ነው?

አወያይ፦
አንድ ትምህርት ቤት ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ወላጆች የላከው ደብዳቤ እዚህ ቡድን ውስጥ ብዙ አነጋግሯል። «በየምሽቱ አንድ ሰዓት ልጅዎን ሂሳብና ንባብ ያስጠኑ፤ ደብተሩ ላይም ይፈርሙ» ይላል። ግማሹ ሰው ደግ አደረጉ አለ፤ ግማሹ ተናደደ። እስቲ በደንብ እንከራከርበት። ማስጠናት የወላጅ ሥራ ነው? ካልሆነስ ወላጅ ምን ያድርግ? ስድብ አይፈቀድም። የትምህርት ቤቱን ስምም አናንሳ።

የቀበናዋ እናት፦
እኔ እደግፋለሁ። ልጅ እስከ 6ኛ ክፍል ይያዛል። 7ኛ ሲገባ ስልኩም ይመጣል፣ ጓደኛውም ይበዛል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሂሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ነው። አምና በአማርኛ የገባው ክፍልፋይ ዘንድሮ በእንግሊዝኛ ሲመጣ ግራ ይገባዋል። እዚህ ላይ ቤተሰብ ካልደረሰለት ማን ይደርስለታል? በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 5.4 ከፍ አለ ተባለ። ይሄ ጉድ 12ኛ ክፍል ላይ የጀመረ ነው እንዴ?

ሹፌሩ፦
እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ግን እኔ ከንጋቱ 11 ሰዓት ወጥቼ ማታ 3 ሰዓት ነው የምገባው። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። ስደርስ ወይ ተኝታለች ወይ እያንቀላፋች ነው። ከመጽሐፎቿ አንዳንዶቹ ስልክ ላይ ያሉ ፒዲኤፍ ናቸው፤ ስልኩ ደግሞ ከእኔ ጋር ነው የሚውለው። እኔ ራሴ ከ8ኛ ነው ያቋረጥኩት። «ይፈርሙ» ካሉኝ እፈርማለሁ፣ ምን ገዶኝ። ምን ላይ እንደፈረምኩ ግን አላውቅም። ደብዳቤው የሚጠይቀኝ እንድዋሽ ነው።

የቀበናዋ እናት፦
ታዲያ ዝም እንበል?

የሂሳብ መምህር፦
እኔ 7ኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ደብዳቤውን አልወደድኩትም። በወላጅ እጅ የተሠራ የቤት ሥራ ያስታውቃል። መልሱ በሙሉ ልክ ነው፤ ልጁን ሰሌዳ ላይ ሳወጣው ግን ዝም ይላል። አባት ደግሞ እሱ በተማረበት መንገድ ያሳየዋል። «ቁጥሩን ከእኩል ምልክቱ ወደ ማዶ አሻግረህ ምልክቱን ቀይር» ይለዋል። ለምን እንደሚቀየር ግን አይነግረውም። ከሁለቱም ጎን እኩል መቀነስ እንደሚገባ ሳስረዳ የሰነበትኩት ነገር በአንድ ማታ ይፈርሳል።

ጥናትም አለ። ናንሲ ሂልና ዲያና ታይሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2009 በዚሁ ዕድሜ ላይ የተሠሩ 50 ጥናቶችን አንድ ላይ ገምግመዋል። ከልጆቹ ውጤት ጋር ይበልጥ ተያይዞ የተገኘው ወላጅ ስለ ትምህርት ጥቅም ማውራቱ፣ ከልጁ የሚጠብቀውን መንገሩ፣ ስለ ነገው ዕቅድ አብሮት ማሰቡ ነው። የቤት ሥራ ማገዝ እንደዚያ አልሆነም። እንዲያውም ወደ ዝቅተኛ ውጤት ያዘነበለ ነበር።

የቀበናዋ እናት፦
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ አላሳመነኝም። መጀመሪያውኑ የሚታገዘው የደከመው ልጅ ነው እኮ! ሐኪም ቤት በሽተኛ ስለበዛ ሐኪም ቤት ያሳምማል ይባላል?

የሂሳብ መምህር፦
ጥሩ ነጥብ ነው። ጥናቱ ሁለቱ ነገሮች አብረው መሄዳቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያሳይም። ግን ሌላም አለ። በ2015፣ አሁንም በፈረንጆቹ፣ እዚያው አሜሪካ ሂሳብ የሚያስጨንቃቸውን ወላጆች ያየ ጥናት ወጥቶ ነበር። እንዲህ ያሉት ወላጆች የቤት ሥራ አዘውትረው ሲያግዙ ልጆቹ በዓመቱ የተማሩት ሂሳብ አነሰ፤ ፍርሃቱም ወደ ልጆቹ ተጋባ። ልጆቹ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ስለነበሩ በቀጥታ ለእኛ ይሠራል አልልም። ግን ስንቶቻችን ነን «እኔም ሂሳብ አይገባኝም ነበር» እያልን የምናስጠናው?

አስጠኚው፦
እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ቤት ለቤት እያስጠናሁ ነው ኪሴን የምደጉመው። እውነቱን ልናገር። ወላጅ የሚከፍለኝ ለማርክ ነው። ልጁ 5ኛ ክፍል ላይ የቀረ የክፍልፋይ ክፍተት አለበት። እሱን ልድፈን ካልኩ ወራት ይፈጃል። ወላጅ ግን ነገ የሚቀርበው የቤት ሥራ እንዲያልቅ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ አብረን «እንሠራለን»፤ ማለትም እኔ እሠራለሁ። ከዚህ የባሰም አለ። የራሱን ተማሪ ማታ በክፍያ የሚያስጠና መምህር አለ። ቀን ክፍል ውስጥ የሚሰስተው ነገር ቢኖር ማን ያውቅበታል?

የሂሳብ መምህር፦
አለ፣ አልክድም። የመምህር ደመወዝ ስንት እንደሆነም አብረህ ጥቀስ እንጂ።

አወያይ፦
ወደ ደሞዝ ከገባን አንወጣም። ጋሼ፣ እርስዎ እጅ አውጥተው ነበር።

ጡረተኛው አያት፦
አመሰግናለሁ። የልጄ ልጅ 8ኛ ክፍል ናት። እንግሊዝኛው ጠፍቶብኛል፤ አልጀብራውም ከሄደ ቆይቷል። ስለዚህ አላስተምራትም፤ እሷ ናት የምታስተምረኝ። በቀደም አንድ የካፌ ደረሰኝ ሰጠኋት። ጠቅላላው 230 ብር፣ 15 በመቶ ተ.እ.ታ. ገብቶበታል። ግብሩ ስንት ነው አልኳት። ወዲያው 34 ብር ከ50 አለችኝ። እስቲ ቀንሺና ዋጋውን አውጪ፤ ከዚያ የዋጋውን 15 በመቶ መልሰሽ ደምሪበት አልኳት። 230 አልመጣላትም። ተናደደች። ተነስታ ሄዳ እንደገና መጣች። 230 ማለት 115 በመቶው ነው፤ ስለዚህ ዋጋው 200፣ ግብሩ 30 ነው ብላ እኔኑ አስረዳችኝ። መልሱን አውቀው ነበር፤ ሂሳብ ሹም ነበርኩ። ባላውቀውም ግን «መልሰሽ ደምሪና እዪው» ለማለት አያቅተኝም።

ንባቡም እንደዚያ ነው። የሳይንስ መጽሐፏን በእንግሊዝኛ ፉት ታደርገዋለች። አንድ አንቀጽ ላይ አስቆማትና «ምን አለ? በአማርኛ ንገሪኝ» እላታለሁ። ያኔ ያልገባት ይወጣል። አንብባለች፣ ግን አልገባትም ማለት ነው።

ሹፌሩ፦
ጋሼ፣ ይሄንንስ እኔም እችለዋለሁ። እሁድ እሁድ ቤት ነኝ።

የሜሪላንዷ እናት፦
እዚህ አሜሪካም ጣጣው ያው ነው። ልጆቹ እንግሊዝኛውን ከእኛ በላይ ስለሚያውቁ «አንቺ አታውቂውም» ብለው ይዘጉሻል። ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ወረቀትም እነሱው ይተረጉሙልናል፤ የሚፈልጉትን መርጠው! ብዙ ሐበሻ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ መረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ደግሞ የ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ስላለ አማርኛ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ ይምጣልኝ ማለት ልመና አይደለም። ልጅህን አስተርጓሚ አድርገህ ስለ ልጅህ ድክመት መነጋገር ግን ቀልድ ነው።

የቀበናዋ እናት፦
እሺ፣ ይሄ ሁሉ ደግ ነው። ግን ጋሼ ሂሳብ ሹም ነበሩ። ምን መጠየቅ እንዳለባት የማታውቅ እናትስ? ትምህርት ቤቱ ምን እየተማሩ እንደሆነ ካልነገራት «ምን ተማርክ?» ብላ «ምንም» ይላታል፤ አለቀ።

የሂሳብ መምህር፦
በዚህስ እስማማለሁ። እንግሊዝ አገር 36 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሞከሩት ነገር አለ። ለወላጆች አጭር የስልክ መልእክት ነው የላኩት። ፈተና መቼ እንደሆነ፣ ልጁ ያላስረከበው የቤት ሥራ ካለ፣ ልጁ ምን እየተማረ እንደሆነ፤ በቃ። በሂሳብ የአንድ ወር ትምህርት ያህል ብልጫ አመጣ፤ ከክፍል መቅረትም ቀነሰ። በእንግሊዝኛ ግን ግልጽ ለውጥ አልታየም። ለዚህ ነው «አንድ ሰዓት አስጠኑ» ከሚለው ደብዳቤ ይልቅ በሳምንት አንድ መልእክት የምመርጠው። «በዚህ ሳምንት መቶኛ እየተማሩ ነው፤ ደረሰኝ ስጧቸውና ይህንን ጠይቋቸው፤ ዓርብ ፈተና አለ» የሚል። በአማርኛ።

አስጠኚው፦
የኔ ሥራ ሊቀር ነው ማለት ነው 😄

ሹፌሩ፦
መልእክቱ ይምጣ፤ ግን በድምፅ ይሁን። ባለቤቴ ጽሑፍ አታነብም፤ እኔም እየነዳሁ ማንበብ አልችልም። ድምፅ ከሆነ ተራ ስጠብቅ እሰማዋለሁ።

የቀበናዋ እናት፦
ቀድቶ የሚልከውስ ማን ነው? መምህር፣ ስንት መማሪያ ክፍል ነው የሚያስተምሩት? ለሁሉም በነፃ ሊሠሩ ነው?

የሂሳብ መምህር፦
በነፃስ ለአንድ ወር እሞክረዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ቃል አልገባም። ወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) ለመምህራኑ የካርድ ወጪና ትንሽ አበል ይመድብ። የንባቡን ጥያቄ ደግሞ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መምህራን ያዘጋጁት፤ እኔ የማላውቀውን አልቀዳም።

አወያይ፦
ቅዳሜ የወመህ ስብሰባ አለ። ይሄን አጀንዳ አስይዘዋለሁ። ደብዳቤው ይሰረዝ የሚለው ላይ ግን ገና አልተስማማንም፤ የቀበናዋ እናት አሁንም ፊርማው ይቅር አላለችም።

የቀበናዋ እናት፦
አላልኩም። መልእክቱም ይምጣ፣ ፊርማውም ይቆይ።