በሽተኛ ፊት መጽሐፍ ይከፈት? ክርክር ከኮምቦልቻና ከደሴ

የኮምቦልቻዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ የቤቴ ነው፤ ለብቻዬ ስላልቻልኩት እዚህ አመጣሁት። ታናሽ እህቴ አዋላጅ ነርስ ናት። ባሏ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ይሠራል። ሁለቱም የወንጌል አማኞች ናቸው። የዘጠኝና የአምስት ዓመት ልጆች አሏቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው ኒጀር፣ ገጠር ውስጥ ወዳለ የሚሲዮን ሆስፒታል ሊልካቸው ነው፤ ለአራት ዓመት።

እናቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ እህል አልወርድ ብሏታል። አጎቴ ደግሞ ሐጂ ናቸው። የወሎን ቤት ታውቁታላችሁ፣ ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ ሙስሊም ነው። ባለፈው እሁድ ቡና ላይ አንድ ነገር ጠየቋት። «ልጄ፣ እዛ አገር ሰዉ ሙስሊም ነው። የታመመ ሰው እጅሽ ላይ ሲወድቅ ልታክሚው ነው ወይስ ልትሰብኪው?» እህቴ «ሁለቱንም» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ሐጂ ስኒያቸውን አስቀምጠው ወጡ። ሦስተኛው ሳይጠጣ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ሚሲዮናዊ ሐኪም ሕክምናውንና ስብከቱን አንድ ላይ ይዞ መሄድ ይገባዋል? ስድብ አይፈቀድም። የማንም እምነት በክፉ እንዳይነሳ፣ አደራ።

የሸዋ በር ልጅ፦
አይገባም። ምክንያቴ አንድ ነው። የታመመ ሰው እምቢ ማለት አይችልም። አምና ልጄን ሌሊት ትኩሳት ጣላት። ተሸክሜያት ስሮጥ፣ በር ላይ ያለው ዘበኛ ተንበርከክ ቢለኝ እንበረከክ ነበር። ምጥ የያዛት ሴት «ልጸልይልሽ?» ስትባል «እሺ» ብትል፣ ያ እሺታ ምን ዋጋ አለው?

ይህን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ቦሩ ሜዳ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ናት። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤውን እዚያ አደረጉ፤ የወሎ ሙስሊምም ተጠመቅ ተባለ። እዚህ ደሴ የአይጠየፍን አዳራሽ ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ከዚያ በፊት ኢማም መሐመድ አሊ ነበሩ። እንቢ ያለው አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ጉልበት ያለው ሰው ሃይማኖት ይዞ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አያቶቻችን ያውቃሉ። መርፌም ጉልበት ነው።

መምህሩ፦
ወንድሜ፣ ታሪኩን በትክክል ነው ያነሳኸው። ግን ጦርና መርፌን አንድ ማድረግ ይከብደኛል። በዚያችው ቦሩ ሜዳ በ1940ዎቹ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ያቋቋሙት ሚሲዮኖች ናቸው፤ ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን። ኒጀር ያለውን የጋልሚ ሆስፒታል የከፈተውም ያው ሚሲዮን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1950። ስለዚህ የእህትሽ ጥያቄ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ደሴ ራሷ በኅዳር 1928 በጣሊያን አውሮፕላን ስትደበደብ ቦምብ ከወደቀባቸው ቦታዎች አንዱ የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ያስተዳድሩት የነበረው ሆስፒታል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መንግሥት ይህን ጉዳይ በሕግ ለመያዝ የሞከረው ከ80 ዓመት በፊት ነው። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሩን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ሚሲዮን እንደ ልቡ የሚያስተምርበት ነው። ሌላው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል የተባለው ነው። እዚያ ማከም ይችላሉ፣ ትምህርት ቤት መክፈት ይችላሉ፣ ሰውን ከሃይማኖቱ ማስወጣት ግን አይችሉም። ሕክምናውን ከስብከቱ መለየት ይቻላል ማለት ነው።

የሸዋ በር ልጅ፦
ተቻለ እንዴ? በወረቀት ላይ ነው ወይስ በአልጋው አጠገብ? ያየ ይንገረኝ።

የቦሩ ሲስተር፦
ያየሁት እኔ ነኝ። ልጆቼ፣ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ ስልክ ላይ ስጽፍ ቀስ ስለምል ታገሱኝ። ኦርቶዶክስ ነኝ። ድሬሰር ሆኜ የገባሁት ሚሲዮኖቹ ገና ሳይወጡ ነው።

ያኔ የሥጋ ደዌ ያለበትን ሰው የሚነካ የለም። ሚስቱ ትሸሸዋለች፣ ምግቡ በቅል ከደጅ ይቀመጥለታል። እዚያ አንዲት ፈረንጅ ነርስ ነበረች። ሳፋ ውሃ ይዛ ትመጣና ከሰውየው እግር ሥር መሬት ላይ ቁጭ ትላለች። እግሩን ውሃው ውስጥ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ታስነክራለች። የደደረውን ቆዳ በድንጋይ ታሻለታለች። ከዚያ ቫዝሊን። እግሩ ስለማይሰማው ጠጠር ይወጋዋል፤ ሳያውቅ ይረግጠዋል፤ ቁስሉ አጥንት ይደርሳል። እሷ ጠጠሩን በጣቷ እየዳሰሰች ትፈልጋለች። ጓንት አታደርግም ነበር። እኔ መጀመሪያ ፈርቼ በር ላይ ነበር የምቆመው። በሦስተኛው ሳምንት ሳፋውን ተቀበልኳት።

አሁን ስለ ጠየቅኸው። ጠዋት ጠዋት ጸሎት ነበራቸው። መዝሙሩ ግቢው ውስጥ ይሰማል። የፈለገ ይገባል፣ ያልፈለገ ፀሐይ ይሞቃል። ፀሐይ ሲሞቅ የነበረ ሰው ካርዱ ወደ ኋላ ሲደረግ አላየሁም። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ቀን የሚዋጠውን ኪኒን ወደ ሱሁር፣ ጎህ ሳይቀድ ወደሚበሉበት ሰዓት፣ እናዞርላቸው ነበር። ያቺው ነርስ ናት ዝርዝሩን የምትጽፈው። ጾሙን ፍቱ ብትል ኪኒኑን ደብቀው ይተዉታል፤ ይህን ታውቃለች። ሙስሊም ሆነው ገብተው ሙስሊም ሆነው የወጡ፣ እስኪሞቱ ድረስ ስሟን በዱዓ የሚያነሱ ሰዎች አውቃለሁ። ወንጌል የተቀበሉም ነበሩ። ያየሁት ይኼ ነው።

አስተርጓሚው፦
እትዬ ሲስተር፣ እጅዎ ይባረክ። የእኔ ግን ሌላ ነው፣ ስሙኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ ለአራት ቀን የመጣ የሕክምና ቡድን ነበር። ስሙን አልጠራም። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ገጠር ቀበሌ ነው፤ ሰዉ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ተሰልፏል። ቁጥር ከመታደሉ በፊት ግማሽ ሰዓት ስብከት አለ። የተረጎምኩት እኔ ነኝ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ጠጋ አለችኝና «ይሄ ካለቀ ነው ቁጥሩ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ልጁ ያቃስታል። ተቀመጠች፤ ሰማች። አንድም ቃል አልገባትም፣ ልጁን ነበር የምታየው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሌላም አለ። ለአንዲት ባልቴት የደም ግፊት ኪኒን ተሰጣቸው፣ የ30 ቀን። ቡድኑ ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ ሰኞ ገበያ አገኙኝ። መቀነታቸውን ፈትተው ባዶውን የኪኒን ልጣጭ አወጡ። «ያን ነጩን ከየት ላግኝ ልጄ?» የደም ግፊት ኪኒን የዕድሜ ልክ ነው። የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኔም አልተረጎምኩላቸውም፣ ምክንያቱም ማንም አላለውም።

ስለዚህ ለእኔ ዋናው ጥያቄ ስንት ጊዜ ትቀመጣላችሁ ነው። የአራት ቀን ሰው ቢሰብክም ባይሰብክም ያው ነው።

መምህሩ፦
ሐቅ ነው። እነ ዶክተር ሐምሊንን አስቡ። ባልና ሚስት፣ አማኝ ክርስቲያኖች። በ1951 የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ከአውስትራሊያ ሲመጡ ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር። ካትሪን ሐምሊን በመጋቢት 2012 እዚሁ ዐረፉ፤ 60 ዓመት። በረዘመ ምጥ የተጎዱ ሴቶችን ከሚያክመው ከፊስቱላ ሆስፒታላቸው የወጣችውን ማሚቱ ጋሼንም ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ታካሚ ሆና ከገጠር መጣች፤ ትምህርት ቤት ሳትገባ ቀዶ ሕክምና እስከ መሥራት ደረሰች።

ጦሳ ሥር፦
ጋሼ መምህር፣ ይህን ሁሉ ትተን፣ ለምን ኒጀር? ደላንታ አዋላጅ ሞልቷታል? ተንታ፣ ወረባቦ? ጦርነቱ የዘረፋቸው ጤና ጣቢያዎች ገና አልሞሉም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው።

አስተርጓሚው፦
ሐምሊኖችስ አውስትራሊያ ውስጥ በሽተኛ አጥተው ነው የመጡት?

ጦሳ ሥር፦
አውስትራሊያና ደላንታ አንድ ናቸው? አውስትራሊያ ሁለት ሐኪም ቢሄድባት አይሰማትም። እኛ ይሰማናል። ያመኛል ስላችሁ የምሬን ነው። እህቴ በወሊድ ናት የሞተችው፣ መኪና ሲፈለግ።

የኮምቦልቻዋ፦
አላህ ነፍሷን ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ። ለዚህ መልስ የለኝም።

መንገደኛው (ሾፌር ነኝ)፦
እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ያ አካባቢ ሰው ይታገትበታል። የአውስትራሊያውን ዶክተር ኬን ኤልየትን ታሪክ ሰምታችኋል? ቡርኪና ፋሶ፣ ጂቦ የምትባል ከተማ፣ ከሚስቱ ጋር ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያክም የኖረ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሁለቱንም ወሰዷቸው። ሚስትየዋ ቶሎ ተለቀቀች። እሱ ሰባት ዓመት ቆይቶ በ2023 ነው የተፈታው፤ 88 ዓመቱ ነበር። ከኒጀርም ሚሲዮናዊ ታግቶ ከስድስት ዓመት በላይ ቆይቷል።

ግን አንድ ነገር ነካኝ። የጂቦ ሰው አብዛኛው ሙስሊም ነው። ሐኪማችንን መልሱልን ብለው የወጡት እነሱ ናቸው። ለ40 ዓመት ከጎናቸው የኖረን ሰው አልተዉትም። ያም ሆኖ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይዞ መሄድ... እኔ አላደርገውም።

የሚሲዮን ልጅ፦
እስካሁን ሰው ሁሉ ስለ ሐኪሙና ስለ በሽተኛው ነው ያወራው። ስለ ልጆቹ የሚናገር እስኪመጣ ስጠብቅ ነበር። አባቴ ጤና ረዳትም ወንጌላዊም ነበር። ከደሴ ወደ ደቡብ ኦሞ ተላክን። ውጭ አገር አይደለም፣ ለእኔ ግን ውጭ አገር ነበር። ቋንቋው፣ ሙቀቱ፣ ምግቡ። እስከ 12 ዓመቴ አራት ትምህርት ቤት ቀይሬያለሁ። ሌሊት በር ሲንኳኳ አባቴ ባትሪውን ይዞ ይወጣል። እናቴ ምድጃ ላይ ውሃ ትጥዳለች። እኔ የእሱን ብርድ ልብስ ደርቤ ተመልሶ እስኪመጣ እቆጥራለሁ። ያንን ሕይወት አልጠላሁትም። እንዲያውም ይናፍቀኛል።

የምጠላው አንድ ነገር አለ። የሚደግፉን ቤተ ክርስቲያናት በየሦስት ወሩ ደብዳቤ ይጠብቃሉ። ደብዳቤው ፎቶ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ሆዱ ያበጠ፣ ራቁቱን የቆመ ልጅ ፎቶ ተላከ። ልጁ ጓደኛዬ ነበር፤ የጨርቅ ኳስ አብረን ነበር የምንራገጠው። እናቱ አልተጠየቀችም። ዓመት ሳይሞላ ደሴ ስንመጣ ያ ፎቶ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አየሁት፣ ከሥሩ የመዋጮ ሣጥን። ስሙን ማንም አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ።

ኒጀር የምትሄጂው እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው፣ እዚያ የሚሲዮን ልጆች ትምህርት ቤት ያለው ኒያሜ ነው፣ ዋና ከተማው ላይ። አንቺ የምትሄጂው ገጠር ነው። ልጅሽን አዳሪ ልታስገቢው ነው?

ተጓዧ፦
እኔ ነኝ ያቺ እህት። ከመጀመሪያው ሳነብ ነበር። ሁለቴ ጽፌ አጠፋሁት።

አዳሪ አላስገባም። ቤት ነው የማስተምረው። ትልቁ ካልሆነለት እንመለሳለን፣ ከባሌ ጋር የተነጋገርነው ይህን ነው። የፎቶውን ነገር ግን አላሰብኩበትም ነበር። አመሰግናለሁ፤ ትናንት ማታ ለቤተ ክርስቲያናችን የታካሚ ፎቶ እንደማልልክ ጻፍኩላቸው። ድጋፉ ቢቀንስም ይቀንስ።

የጦሳ ሥሩ ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ስድስት ዓመት ገጠር ሠርቻለሁ፣ የምትለውን መንገድ አውቀዋለሁ። መሄዴ እዚህ ጉድለት እንደሚተው አውቃለሁ። ጥሪ ነው ብል አይበቃህም፤ እኔም ስላንተ እህት ካነበብኩ በኋላ አፌን ሞልቼ አልለውም።

የሸዋ በር ልጅ፣ «ሁለቱንም» ያልኩት ቸኩዬ ነው። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አልሰብክም። ወረፋ ላይ፣ ካርድ ከመውጣቱ በፊት፣ አልሰብክም። ግን እምነትሽን ደጅ ትተሽ ግቢ አትበለኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ደም የሚፈሳት ሴት ጋ ከአልጋዬ የሚያስነሳኝ እሱ ነው። ድና ስትወጣ ለምን መጣሽ ብላ ከጠየቀችኝ እውነቱን እነግራታለሁ። መዋሸት አልችልም።

የሸዋ በር ልጅ፦
ስለ ግልጽነትሽ አከብርሻለሁ። አልተስማማሁም ግን። ድና ብትወጣም በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ልጅ ወደ አንቺ ነው የምትመለሰው፤ ሌላ ሆስፒታል የላትም። ስለዚህ ስትጠይቅሽም ነጻ አይደለችም። የቀይ መስቀልና የዕርዳታ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ደንብ ዕርዳታ ሃይማኖትን ለማራመድ አይውልም ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። ብትነግሪያትም፣ እምቢ ብላ በሰላም የምትመለስበትን በር ክፍት አድርጊላት።

ተጓዧ፦
በሩን የማየው እንዴት ነው? እሱን ነው የማላውቀው።

የቦሩ ሲስተር፦
ልጄ፣ ፀሐይ የሚሞቁትን ቁጠሪ። ከመዝሙሩ ውጭ የሚቀመጥ ሰው ካጣሽ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

የኮምቦልቻዋ፦
ዛሬ ሐጂ መጡ። የእናንተን መልስ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። የሲስተር ጋ ስደርስ አስቆሙኝና ድገሚው አሉኝ። ከዚያ እህቴን ጠርተው «ይህን የረመዳን ኪኒን ነገር ከሴትዮዋ ሳትማሪ እንዳትሄጂ» አሏት። መርቀው ሦስተኛውን ጠጡ። እናቴ ገና አልበላችም። እትዬ ሲስተር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ይኖራሉ? ሁለታችንም እንመጣለን።