ካሳን «ዩዝ-አፍተር-ፍሪ» ይላል፣ የተለቀቀ ባፈር ግን የለም

ከርነል_ጀማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዳይሬክተሪ አቀማመጡ እንደ ኤክስት2 የሆነ ትንሽ ፋይል ሲስተም አለኝ። ሆን ተብሎ የተበላሸ ኢሜጅ ማውንት ተደርጎ ኤልኤስ ሲባል ካሳን (የከርነሉ የሜሞሪ ስህተት ጠቋሚ) «ዩዝ-አፍተር-ፍሪ» (የተለቀቀ ሜሞሪ ተነካ) ብሎ ይጮኻል። ብሎኩ የተነበበበት ባፈር ግን ኢንትሪዎቹን (የፋይል ስም መዝገቦቹን) የሚያነበው ሉፕ ሳያልቅ አይለቀቅም። ብሎኩ 4096 ባይት ነው። የሚፈተሸው ሬክ_ሌን (የአንድ ኢንትሪ ርዝመት) ዜሮ አለመሆኑ ብቻ ነው። የት ልፈልግ?

ባይት_ቆጣሪ፦
የተለቀቀ ነገር መፈለጉን ተወው፣ ያሳሳተህ የሪፖርቱ ስም ነው። የብሎክ ባፈር ያለው ፔጅ ካሽ (ከርነሉ የዲስክ ዳታ የሚያቆይበት ሜሞሪ) ውስጥ ነው፤ እዚያ ካሳን ከጫፉ በኋላ አጥር አያጥርም። ከብሎኩ ስታልፍ የምትገባው ጎረቤት ፔጅ ውስጥ ነው። ያ ፔጅ ነጻ ከሆነ «ዩዝ-አፍተር-ፍሪ» ትባላለህ፤ ሥራ ላይ ከሆነ ካሳን ጭጭ ይላል። ጭጭ ማለቱ ይብሳል፤ የሌላ ሰው ሜሞሪ የፋይል ስም መስሎ ይወጣል።

የኢንትሪው ራስጌ 8 ባይት ነው፦ 4 ለአይኖድ፣ 2 ለሬክ_ሌን፣ 1 ለኔም_ሌን (የስሙ ርዝመት)፣ 1 ለዓይነት። ኦፍሴት (ከብሎኩ መጀመሪያ ያለው ርቀት) 4092 ላይ ከደረስክ ሬክ_ሌንን ማንበቡ ራሱ ከድንበር ውጭ ነው፤ ስለዚህ ፍተሻው ከንባቡ ይቅደም። ከ4096 ላይ ኦፍሴቱን ቀንስ፤ ቀሪው ከ12 (የትንሹ ኢንትሪ መጠን) ካነሰ እምቢ በል። ቀጥሎ ሬክ_ሌንን አንዴ ብቻ ወደ ሎካል ቫሪያብል ቅዳ (ሊትል ኤንዲያን ነው፣ ትንሹ ባይት ይቀድማል)። ከ12 እንዳያንስ፣ ለ4 እንዲካፈል፣ ከቀሪው እንዳይበልጥ እይ። ከዚያ 8 ሲደመር ኔም_ሌን ከሬክ_ሌን አይብለጥ። ብዙ ኮድ የሚዘለው ይሄንን የመጨረሻውን ነው፤ ኦፍሴት 4084 ላይ ሬክ_ሌኑ 12፣ ኔም_ሌኑ 200 የሆነ ኢንትሪ ሌላውን ሁሉ አልፎ 196 ባይት ከጫፍ ውጭ ያስነብባል።

ጣና_ዴቭ፦
ልክ ነው። ግን ስህተት ሲገኝ ሉፑን ዝም ብለህ አታቋርጥ። ዳይሬክተሪው ባዶ መስሎ አርኤምዲር (ባዶ ዳይሬክተሪ የሚሰርዘው ትእዛዝ) ይሰርዘዋል፣ ውስጡ ያሉት ፋይሎችም ያለ ስም ይቀራሉ። ኢዩክሊን (117፣ «ፋይል ሲስተሙ ተበላሽቷል» የሚለውን የስህተት ኮድ) መልስ።

ለመሞከር ሉፑን ብቻ አውጥተህ በዩዘር ስፔስ፣ በማሎክ በተያዘ ልክ 4096 ባይት ላይ፣ ከአድረስ ሳኒታይዘር (የካሳን የዩዘር ስፔስ አቻ) ጋር አሂደው። እዚያ አንዲት ባይት ብታልፍም ይይዝሃል።

ከርነል_ጀማሪ፦
የኔም_ሌኑ ነበር፣ ተገኘ። ብሎኩ 64 ኪሎባይት ቢሆንስ?

ባይት_ቆጣሪ፦
ሬክ_ሌን 16 ቢት ነው፤ 65536 አይያዝበትም። ኤክስት4 እዚያ ላይ 65535ንም 0ንም «ብሎኩን በሙሉ» ብሎ ነው የሚያነበው። ስለዚህ የዜሮ ፍተሻህን ዋጋውን እንዲህ ከተረጎምክ በኋላ አድርገው።