የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ 3፦ የሳንባ ደም ቧንቧ ከፍተኛ ግፊት፣ የእርምጃና የብስክሌት ምርመራ

አስተባባሪ፦ ረቂቅ 3 ተለጥፏል። ዓላማው ያው ነው፤ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊትና በየ6 ወሩ የ6 ደቂቃ እርምጃ፣ ብስክሌት ላይ ደግሞ የትንፋሽ ጋዝ ልኬት፤ ከዚያ የትኛው በሕይወት መቆየትን በተሻለ እንደሚተነብይ ማየት። ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል። በጀቱን ማን ይሠራል?

ሳንባ 1 (የሳንባ ሐኪም)፦ እኔ። ግን ገጽ 4 ላይ የእርምጃ ርቀት ወሰን ተብሎ ያለው 332 ሜትር ይውጣ። እሱ የ2000ው የጃፓን ጥናት የ43 ሕመምተኞች መካከለኛ ቁጥር ነው። የ2022ቱ የአውሮፓ መመሪያ ለክትትል የሞት ስጋትን በርቀት ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ በ4 ይከፍላል፦ ከ440 ሜትር በላይ፣ 320–440፣ 165–319፣ ከ165 በታች።

ልብ 2 (የልብ ሐኪም)፦ ለብስክሌቱም ይጻፍ። የኦክስጅን ጣሪያ፣ ማለትም ሰውነት እስከ ጥግ ሲገፋ የሚጠቀመው ኦክስጅን፣ በኪሎ በደቂቃ ከ11 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ስጋቱ ከፍተኛ ነው፣ ከ15 በላይ ዝቅተኛ። ደክሞት ቀድሞ የሚወርድ ሰው ጣሪያውን ያበላሸዋል። የሚተነፈሰው አየር ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ያለው ምጣኔ ግን እስከ ጥግ መግፋት አይጠይቅም፤ ከ44 በላይ ከሆነ መጥፎ ነው።

ፊዚዮ፦ አባሪ 2 ላይ «አይዞዎት፣ ይበርቱ» የሚለውን ማን ጨመረ?

ነርስ 1፦ እኔ። ሰው እያለከለከ ዝም ልበለው?

ፊዚዮ፦ በየደቂቃው አንዴ፣ የተጻፈውን ብቻ፣ በእኩል ድምፅ። «ጥሩ እየሄዱ ነው፣ 5 ደቂቃ ይቀራል።» በቃ። ደረቱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ፊቱ ከገረጣ ደግሞ ፈተናው ይቆማል እንጂ አይዞህ አይባልም።

ልብ 2፦ ለአንድ ቃል ይሄ ሁሉ?

ፊዚዮ፦ ማበረታቻ ርቀቱን 30 ሜትር ገደማ እንደሚጨምር ከ1984 ጀምሮ ይታወቃል። ትርጉም ያለው ለውጥ የምንለው 33 ሜትር ነው። አንዷ ነርስ ስታበረታታ ሌላዋ ዝም ካለች የምንለካው መድኃኒቱን ሳይሆን ነርሷን ነው። አምናም የተጣላነው በዚሁ ነው።

ነርስ 1፦ ታዲያ ጥፋቱ የእኔ ነው? 20 ሜትር ኮሪደር ላይ የሚያስኬደው ክፍልስ? መዞሪያው ሲበዛ ርቀቱ እንደሚያጥር እያወቃችሁ ዝም ብላችኋል።

ስታቲስቲክስ፦ ከዚህ የሚበልጥ ችግር አለ። ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ብስክሌት ላይ አይወጣም ብላችኋል። ትክክል ነው፣ ግን ቶሎ የሚሞተው እሱ ነው። «መሥራት አልቻለም» ራሱ እንደ ውጤት ይመዝገብ። የሳንባ ንቅለ ተከላ የተደረገለትስ እንዴት ይቆጠራል?

ነርስ 2፦ ለ19 ዓመት ልጅም «እርስዎ» ነው የምንለው?

ፊዚዮ፦ ለሁሉም።

ነርስ 1፦ ይስቅብናል።

ልብ 2፦ ቀድተን በድምፅ ማጉያ እናሰማ፣ ጭቅጭቁ ያልቃል።

ፊዚዮ፦ በዚህ እስማማለሁ። ነርስ 1፣ ቅድም አምርሬ ከሆነ ይቅርታ። ኮሪደሩን በተመለከተ ልክ ነሽ፤ 30 ሜትር የሌለው አይግባ። ስክሌሮደርማ (ቆዳን የሚያደድር በሽታ) ያለበት ጣቱ ስለሚቀዘቅዝ የኦክስጅን መለኪያው ግንባሩ ላይ ይደረግ።

አስተባባሪ፦ ሳንባ 1፣ በጀቱ?

አስተባባሪ፦ ሳንባ 1?

ልብ 2፦ በየቀኑ ጠዋት ባለ 3 ሊትሩን የአየር መለኪያ ሲሪንጅና የጋዝ ሲሊንደሩን ይዞ ማሽኑን የሚያስተካክል ሰው ካልተቀጠረ ብስክሌቱን አውጡት። ያልተስተካከለ ማሽን ቁጥር ከመስጠት አይቦዝንም፣ ውሸት ነው እንጂ።

አስተባባሪ፦ እንግዲያው ረቂቅ 4 የእርምጃው ብቻ ይሆናል፤ ክፍል 1 የተቀዳ ድምፅ ከነርስ ድምፅ ጋር ማነጻጸር። የሕይወት ክትትሉ ወደ አባሪ ይሄዳል።

ስታቲስቲክስ፦ ጥያቄዬ አልተመለሰም።

ነርስ 2፦ የሚቀዳው የወንድ ድምፅ ነው የሴት?