ጎንደር፦ ከቆጣሪ በፊት የሚፈሰው ውሃ የማን ኃላፊነት ነው?

ጠያቂ (ከማራኪ ሰፈር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከቆጣሪያችን ውጭ፣ በመንገዱ በኩል አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ቢሉም ጨምሯል። የሚጠግነው ውሃ አገልግሎቱ ነው ወይስ እኛ?

መልስ 1፦
ሁለቱን ለይታችሁ እዩ። ከቆጣሪ በፊት የፈሰሰ ውሃ በቆጣሪው አላለፈምና ቢል ላይ አይገባም። ያ መስመር የአገልግሎቱ ነው፤ ራሳችሁ ቆፍራችሁ አትንኩት። የደንበኛ ቁጥራችሁን ይዛችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፣ በቅጂው ላይም ቀንና ማህተም አስደርጉ። የቢሉን ምክንያት ግን ከቆጣሪ ወዲህ፣ በግቢው በኩል ፈልጉ፤ ያ መስመር የባለቤቱ ነው። ማታ ሮቶው ከሞላ በኋላ ቧንቧውን ሁሉ ዝጉ፣ የቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሱና ጠዋት አነጻጽሩ፤ ከጨመረ ግቢው ውስጥ ፍሳሽ አለ። በሰዓት 10 ሊትር የሚያፈስ ሽንት ቤት በ30 ቀን 7.2 ሜትር ኩብ ይቆጥራል።

መልስ 2፦
ይህን ፍተሻ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት አድርጉት፤ በፈረቃ ከተቋረጠ ቆጣሪው ስለማይዞር ፍሳሹ አይታይም። ውሃው ሲመለስም በመስመሩ ውስጥ የቆየው አየር ቆጣሪውን ሊያዞረው ይችላል።

እኔን ከቢሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጤናው ነው። ውሃ ሲቋረጥ ግፊቱ ይወርድና መንገዱ ላይ በሚያፈሰው ቀዳዳ ጭቃና ፍሳሽ ወደ ቧንቧው ሊገባ ይችላል። ማመልከቻው ላይ ይህን ጻፉት። እስኪጠገን የመጠጡን አፍሉ። ከጥገናው በኋላ ሮቶውን እጠቡ፤ ለ1000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ሽቶ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ጨምራችሁ 12 ሰዓት አቆዩት። ያ ውሃ አይጠጣም፤ ድፉትና ሮቶውን በንጹህ ውሃ አለቅልቁት።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የጎረቤቶች ቆጣሪም እዚያው መስመር ላይ ነው፤ አብረን እናመልክት?

መልስ 1፦
አዎ፣ የሁላችሁንም የደንበኛ ቁጥር በአንድ ማመልከቻ ጻፉ።