ሶላር ብማር ሥራ አገኛለሁ ወይ?

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)
ሰላም ለሁላችሁ። ቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪክ ጨርሼ ይኸው ስምንት ወር ቤት ቁጭ ብያለሁ። ታዳሽ ኃይል ሥራ ይፈጥራል ሲባል እሰማለሁ። ለኛ ነው ወይስ ለቻይና? ሶላር ልማር?

መልስ 1
ወንድሜ፣ ቻይና ያልከው እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም 16.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በዘርፉ ይሠራ ነበር፣ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው እዚያው ቻይና ነው፤ ፓኔሉን የሚያመርቱት እነሱ ናቸዋ። ለኛ የሚተርፈው መሸጥ፣ መግጠምና መጠገን ነው።

መልስ 2
መጠገኑን አትናቀው። እኔ መርዓዊ አካባቢ የምኖረው በሱ ነው። ፓኔል ብዙም አይበላሽም፣ የሚያስቸግረው ባትሪው ነው። ባለፈው አንድ አባት ባትሪያቸውን በአህያ ጭነው መጡ፣ «ሞቷል» ብለው። ጫፉን ነጭ ዝገት ወርሶት ነበር። በሙቅ ውሃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ሽቦውን አጥብቄ አሰርኩት። ሠራ! ግን ክረምት ላይ ገበያው ቀዝቃዛ ነው፣ እወቀው።

መልስ 3
እኔ ደግሞ ሌላ ነው የምለው። የጣና በለስ የውኃ ኃይል ማመንጫ 460 ሜጋዋት ነው፤ ሲገነባ ብዙ ሰው ይፈልጋል፣ ካለቀ በኋላ የሚያንቀሳቅሰው ጥቂት ነው። ሥራው ያለው መብራቱ የደረሰበት ቦታ ነው፦ ብየዳ፣ ወፍጮ፣ ፀጉር ቤት። የሰፈራችን ወፍጮ ናፍጣውን ትቶ ወደ መብራት ዞረ፤ መብራት በጠፋ ቀን ግን ሴቶቹ ጤፋቸውን እንደተሸከሙ ይመለሳሉ።

ጠያቂው
መልስ 2፣ ወንድም ጋሼ፣ ረዳት አትፈልግም?